ስልኩ የት ያድራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልጅና ስለ ስልክ ናቸው። አምስቱን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን አውጥተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ይዞ አገኘዋለሁ። ስልኩን ለአንድ ወር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በሁለተኛው ሳምንት ከጓደኛው የተዋሰው ሌላ ስልክ ተገኘበት። አሁን ደግሞ ዓይኔን እያየ ይዋሻል። ይህ ሱስ ነው ወይስ ቅጣቱ አንሶ ነው?
አባት፣ ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ሱሱ። ሱስ በሰዓት ብዛት ብቻ አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የገባው የጌም ሱስ ነው፤ በጥቅሉ "የኢንተርኔት ሱስ" የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ እዚያ አልተመዘገበም። ለጌም ሱስ የተቀመጡት ምልክቶች ግን ለቲክቶክም ለቴሌግራምም መመዘኛ ይሆናሉ። አንደኛ፣ ልጁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር አቅቶታል? ሁለተኛ፣ ኳሱን፣ ጓደኛውን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ እሱን አስቀድሟል? ሦስተኛ፣ ጉዳቱን እያየ ቀጥሏል? ሦስቱም አንድ ላይ፣ ኑሮውን በሚያውክ ደረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲታዩ ነው ሐኪም በሽታ ነው የሚለው። ቅዳሜ ኳስ ሜዳ የሚወርድ፣ ውጤቱ ያልወደቀ፣ ግን ሌሊቱን የሚያነጋ ልጅ ያለበት ችግር የእንቅልፍና የክፉ ልማድ ችግር ነው። ይህም መስተካከል አለበት፤ "ሱሰኛ" የሚል ስም ግን አይለጥፉበት። ልጅ የተሰጠውን ስም ይለብሳል።

አንዳንድ ወላጆች ኢንተርኔት ላይ የሚዞረውን ባለ 20 ጥያቄ መመዘኛ ልጃቸውን ወክለው ሞልተው "89 አመጣ" ብለው ይጽፉልናል። መመዘኛውን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበችው ኪምበርሊ ያንግ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። የሚሞላው ተጠቃሚው ራሱ ነው፤ ነጥቡም ለውይይት መነሻ ነው እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

ወደ ቅጣቱ እንምጣ። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጆችን አያያዝ ከፋፍላ ማጥናት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ማኮቢና ማርቲን የተባሉ ሁለት ምሁራን ክፍፍሉን በሁለት መለኪያ አስቀመጡት። አንዱ ወላጅ ለልጁ የሚያሳየው ቅርበትና ፍቅር ነው፤ ሌላው የሚያወጣው ደንብና የሚያደርገው ቁጥጥር ነው። ደንብ ኖሮ ቅርበት ከሌለ ቤቱ የትእዛዝ ቤት ይሆናል። ቅርበት ኖሮ ደንብ ከሌለ ልቅ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ልጁ ለራሱ ተትቷል። ሁለቱም ሲኖሩ ሚዛናዊ ይባላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የኢንተርኔት አጠቃቀምን ዝቅ ብሎ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ዓይነት ቤት ነው። አንድ ነገር ግን እናስታውስ፤ አብዛኞቹ ጥናቶች ልጆችን አንድ ጊዜ ጠይቀው የሚያበቁ ናቸው። ቁጣው ልጁን ወደ ስልክ ገፋው ወይስ የልጁ ስልክ አባቱን አስቆጣው የሚለውን አይለዩም። በብዙ ቤት ሁለቱም እየተመላለሱ ይባባሳሉ።

የእርስዎ ቅጣት የከሸፈው አንሶ ሳይሆን ረዝሞ ነው። ለወር የተፈረደበት ልጅ በሦስተኛው ቀን የቀረው የሚያጣው ነገር ስለሌለ ማምለጫ ይፈልጋል። ማምለጫው ደግሞ ሞልቷል፤ የጓደኛ ስልክ፣ የጎረቤት ዋይፋይ፣ የፕሌይስቴሽን ቤት። ቴሌግራም እንኳ በአንድ ስልክ 3 አካውንት ይፈቅዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሸቱ ነው። ስታቲንና ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን የ14 ዓመት ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳተሙት፣ ወላጅ ስለ ልጁ ውሎ የሚያውቀው በዋናነት ልጁ ራሱ ወዶ ሲነግረው ነው፤ በመከታተልና በመጠየቅ የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። መዋሸት የጀመረ ልጅ ያንን በር ዘግቷል፤ የእርስዎም የመጀመሪያ ሥራ በሩን ማስከፈት ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ስልኩን ይመልሱለት፤ ግን ከአዲስ ስምምነት ጋር። ንግግሩ በቀን ይሁን፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥሩ ነው፤ ሌሊት በተያዘበት ሰዓት የሚነገር ነገር ጆሮ አይገባም። መጀመሪያ አብራችሁ ስልኩ ውስጥ "ሴቲንግ" ገብታችሁ "ዲጂታል ዌልቢይንግ" የሚለውን ክፈቱ። ቴክኖም ኢንፊኒክስም ሳምሰንግም ላይ አብዛኛውን ጊዜ አለ። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። አይስደቡት፣ አይሳቁበት፤ "አንተ ራስህ ስንት መስሎህ ነበር?" ብለው ብቻ ይጠይቁት። ጊዜውን የሚበሉት ብዙ ጊዜ ሁለት አፖች ናቸው።

ከዚያ ሦስት ደንብ አውጡ፤ አሥር አይሁን። ስልኩ የት ያድራል? መቼ ይነካል? ደንቡ ከተጣሰ ምን ይከተላል? በዚህ ዕድሜ የሚመከረው እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ጠዋት 12:30 የሚነሳ ልጅ ማታ 3:30 ከተኛ 9 ሰዓት አገኘ። ስለዚህ ስልኩ 3 ሰዓት ላይ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይሰካል፤ የእርስዎም አብሮ። የአባት ስልክ መኝታ ቤት ገብቶ የልጅ ስልክ ሳሎን የሚያድርበት ቤት ውስጥ ደንቡ ብዙ ሳምንት አይቆይም። "አላርም ያስፈልገኛል" ካለ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙለት። ደንቡ ሲጣስ የሚከተለው የማግስቱ ምሽት ያለ ስልክ ማለፍ ይሁን፤ በዚያው ይብቃ። ጥፋቱን ራሱ ቀድሞ ከተናገረ ደግሞ ቅጣቱ በግማሽ ይቀንስ። እርስዎ ምን ያህል እንደሚቆጡ ሳይሆን ነገ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቁ ነው ልጁን የሚገራው።

አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁት፤ ለምን ሌሊት? የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ጓደኞቹ ሁሉ የሚገናኙት ያኔ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ያ ከሆነ መፍትሔው በገንዘብ ይገኛል፤ ቅዳሜና እሁድ ቀን ላይ የሚሠራ ትንሽ ጥቅል ከመግዛት የሚቀል የለም።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን የማሳድግ አያት ነኝ። እናቷ ጅዳ ነው የምትሠራው። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው። እናቷ ትልቅ ስልክ ላከችላት፤ በየወሩም ብር ትልክላታለች። እኔ ስልክ ማንሳትና መዝጋት እንጂ ሌላ አላውቅም። ልጅቷ ቡና ተፈልቶ እስኪያልቅ ቀና አትልም። ስቆጣት "እማዬ ፈቅዳልኛለች" ትለኛለች። እናቷም በኢሞ ስትደውል "ተያት እማ፣ ናፍቆቷን ትወጣበት" ትለኛለች።
አያት፣ ኮምቦልቻ (ደብዳቤውን የጻፈችላቸው ጎረቤት ናት)

መልስ፦ እናታችን፣ ስልክ አለማወቅዎ ችግሩ አይደለም። ሁለት አዛዥ ያለው ልጅ ለላላው ይታዘዛል። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እናቶች ባሉባቸው ቤቶች ይህ በብዛት የሚያጋጥም ነው። እናቷም ክፉ አላሰበችም፤ በአካል መስጠት ያልቻለችውን በዕቃ እየሰጠች ነው።

ስለዚህ ልጅቷ በሌለችበት ሰዓት ከእናቷ ጋር ብቻዎን ይነጋገሩ። አይክሰሷት፤ "ልጅሽን በአንድ ቃል እንያዛት" ይበሏት። ሦስት ነገር ላይ ተስማሙ። የካርዱ ብር በእርስዎ ቴሌብር ይምጣ፤ ጎረቤትዎ ትርዳዎት። ጥቅሉ የወር ያልተገደበ ሳይሆን በሳምንት የሚሰፈር ይሁን። መጠን ያለው ነገር ሲያልቅ ይታያል፤ ረቡዕ ላይ ከጨረሰችው እስከ ቅዳሜ ትጠብቃለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሷ ማብቃቃት ትጀምራለች። ይህ የሚፈርሰው እናቷ አዝና ሐሙስ ማታ ካርድ ስትሞላላት ነው፤ አስቀድመው ይንገሯት። ሦስተኛው፣ ስልኩ ማታ ከእርስዎ ራስጌ ይደር።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይንኩ፤ ከእናቷ ጋር የምታወራበትን ሰዓት። ያ ስልክ ለልጅቷ እናቷም ነው። "ካጠፋሽ እናትሽን አታናግሪም" የሚል ቅጣት ስልኩን ሳይሆን ልጅቷን ይሰብራል። ለኢሞ የሚሆን ጥቅል ለብቻው ይቀመጥ።

ቡናው ላይ ሥልጣኑ የእርስዎ ነው። ከአቦል እስከ በረካ የማንም ስልክ አይነካ፤ የእንግዳም ጭምር። ከዚያ ውጭ አልፎ አልፎ አጠገቧ ቁጭ ብለው "ምን እያየሽ ነው? አሳዪኝ" ይበሏት። አይተው አይፍረዱ፤ ይሳቁ፤ ይጠይቁ። በሦስተኛው ቀን ሳትጠየቅ ታሳይዎታለች። ይህን የሚተካ አፕ እስካሁን አልተሠራም።

በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ላይ ከሱሱ ይልቅ የሚያሳስበን የማታውቀው ሰው በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ቀርቦ ፎቶ መጠየቁ ነው። አስቀድመው ይህን ይንገሯት፦ "ማንም ፎቶ ልኪ ካለሽ፣ ልከሽም ከሆነ፣ ላንቺ አልቆጣም፤ ንገሪኝ።" የሚያስፈራሩ ሰዎች የሚመኩት ልጅቷ ቤተሰቧን ስለምትፈራ ነው። ማስፈራራት ከደረሰ ገንዘብ አይላክ፣ ልመና አይጻፍ፣ መልእክቱ አይጥፋ። የሰውየው ስምና የጻፈው በስክሪንሾት ይቀመጥ፤ ከዚያ ይታገድ፤ ከታመነ ዘመድ ጋር ሆናችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኢንተርኔት ማስፈራራትንና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጸያፍ ድርጊትን ይቀጣል። ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም።

ጥያቄ፦ እኔ ያደግኩት በዱላ ነው። ልጆቼን እንደዚያ አላሳድግም ብዬ ምንም ሳልከለክላቸው 13 እና 16 ዓመት ደረሱ። ሱቅ ውዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስገባ ሁለቱም ፍሪ ፋየር ላይ ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ከተመለሱ ጀምሮ። ትንሹ በዚህ ሴሚስተር ሦስት ትምህርት ወደቀ። ስልኩን ስነጥቀው በር ደበደበ። አሁን ደንብ ማውጣት አልዘገየም?
እናት፣ ሰኞ ገበያ፣ ደሴ

መልስ፦ አልዘገየም፤ ከባድ ግን ነው። ዱላውን መተውዎ ትክክል ነው። የጎደለው ገደቡ ነው። ቅርበቱ ስላለ እርስዎ ከቧንቧ ውሃው አባት በተሻለ ቦታ ላይ ነዎት፤ ቅርበት ባለበት ደንብ መጨመር፣ ደንብ ባለበት ቅርበት ከመጨመር ይፈጥናል።

ጌሙን ሳያውቁ ደንብ አያውጡ። ፍሪ ፋየር ዋናው ውድድር 50 ተጫዋች የሚገባበት፣ አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ነው። መሃል ላይ አይቆምም፤ በቡድን ከሆነ ጥሎ የወጣ ልጅ ጓደኞቹን ያስበላል፤ ማግስቱን ትምህርት ቤት ይሰደብበታል። "አሁኑኑ ጣለው" ሲሉ በር የተደበደበው በዚህ ነው። "ይህ ዙር ሲያልቅ ሌላ አትጀምር" ይበሉ፤ ደግሞም ዙሩ ከመጀመሩ በፊት። ይህች ትንሽ ለውጥ ብቻዋን የጠቡን ግማሽ ታስቀራለች። ሌላው ማሰሪያ ሽልማቱ ነው። መቼ እንደሚያሸንፍ፣ በሣጥኑ ምን እንደሚወጣለት አያውቅም፤ አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ ሽልማት ሁልጊዜ ከሚመጣው ይልቅ ያጣብቃል። ለዕለታዊ መግቢያ የሚሰጠው ስጦታና ለዳይመንድ (ጌሙ ውስጥ ለሚሠራው ገንዘብ) የሚከፈለው ብርም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። የቴሌብር ምስጢር ቁጥርዎን ልጆቹ የሚያውቁት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩ።

አሁን ስለ ደንቡ። እርስዎ እስከ 2 ሰዓት ቤት አይደሉም። ስለዚህ "ከ11 እስከ 12 ብቻ ተጫወቱ" የሚል ደንብ ማንም አያስከብረውም፤ ትልቁን ልጅ ዘበኛ ካደረጉት ደግሞ ወንድማማቾቹን ያጣላሉ። የሚያዩትን ብቻ ይደንግጉ። ለምሳሌ ጌም የሚጀመረው እርስዎ ገብተው የቤት ሥራው ደብተር ከታየ በኋላ ይሁን፤ በትምህርት ቀን 4 ዙር፣ ቅዳሜና እሁድ 10 ዙር። በሰዓት ሳይሆን በዙር መስፈሩ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ቀን ላይ ስልኮቹ ከእርስዎ ጋር ሱቅ ይዋሉ፤ ለጥሪ የቁልፍ ስልክ ቤት ይተዉላቸው። የቤት ሥራ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ ማታ ያዩታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ ይብሳሉ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ያኮርፋሉ፣ "የእገሌ እናት እንዲህ አታደርግም" ይላሉ። ብዙ እናት የምትሸነፈው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ልጁ የሚማረው በቂ ካለቀሰ ደንቡ እንደሚፈርስ ነው፤ ቀጣዩ ሙከራ እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ የማይዘልቁበትን አይጀምሩ። 4 ዙር ካስጨነቀዎት በ6 ይጀምሩና ይጽኑ።

ባዶ የሚቀረው ከሰዓት በኋላም አለ። ከ9 እስከ 2 ሰዓት አምስት ሰዓት ነው፤ በክረምት በደሴ ዝናብና ጭቃ ደግሞ ኳስ ሜዳ የለም። ትልቁ ሁለት ቀን ሱቅ መጥቶ ቢያግዝና ትንሽ ቢከፈለው፣ ትንሹ የወደቀበትን ትምህርት የሚያስጠናው የሠፈር ተማሪ ቢገኝለት፣ ወይም ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ልምምድ ቢኖራቸው ደንቡ ራሱን ይሸከማል። የሚተካ ነገር ሳያዘጋጁ መከልከል አይሰነብትም።

ትንሹ ልጅ ግን ለብቻው ይታይ። ሦስት ትምህርት መውደቅ፣ ቁጣ፣ ከዚህ ላይ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከጓደኛ መሸሽ ወይም "ብሞት ይሻላል" ማለት ከተጨመረ ጌሙ ምልክት ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ትንንሽ የነበሩት ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው፤ ያዩትን በስልክ የሚሸሹ አሉ። ስለ መሞት ከተናገረ ሳይውል ሳያድር፣ ለሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ ሆስፒታል ወስደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። ለካርድ ክፍሉ "ጌም ይጫወታል" ብቻ አይበሉ፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ውጤቱን፣ መቼ እንደጀመረው በወረቀት ጽፈው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሳያውቅ የሚያየውንና የሚጽፈውን ሁሉ የሚያሳየኝ አፕ የትኛው ነው?
አባት፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ አንመክርም። እንዲህ ያሉ ስውር አፖች ብዙዎቹ የእርስዎንም የልጁንም መልእክት ለማያውቁት ሰው ያስረክባሉ፤ ልጁ ያወቀ ዕለት ደግሞ ሁለተኛ ምንም አይነግርዎትም። እሱ እያወቀ የሚጫን ከፈለጉ የጉግል "ፋሚሊ ሊንክ" አለ፤ በነፃ ነው፤ አፕ ለማጽደቅና የመኝታ ሰዓት ለመቁረጥ ይጠቅማል። ከትንሽ ልጅ ጋር ጥሩ ይሠራል፤ ከ16 ዓመት ልጅ ጋር ጦርነት ይከፍታል። ስልኩ ላይ ያለው የአፕ ሰዓት ገደብ ልጁ ራሱ በአንድ ደቂቃ የሚያነሳው ስለሆነ ማስታወሻ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባዬ ጥሩ ሰው ነው ግን ስልክ ይዤ ካየኝ "ጣይው!" ብቻ ነው። የማጠናው በቴሌግራም ቻናል ነው፤ የድሮ ፈተናዎች እዚያ ናቸው። እውነት ለመናገር ቲክቶክም አያለሁ። እንዴት ላስረዳው?
ተማሪ፣ ሆጤ፣ ደሴ

መልስ፦ "ቲክቶክም አያለሁ" ማለትሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ለአባትሽም በዚሁ ቃል ንገሪያቸው፤ ሁሉንም ጥናት ነው ብለሽ ከቀረብሽ አንዴ ቲክቶክ ላይ ያገኙሽ ዕለት ጥናቱም ውሸት ይሆናል።

አባትሽ የሚያዩት ያጎነበሰ ራስ ብቻ ነው፤ ጥናቱን ከጨዋታው የሚለዩበት መንገድ የላቸውም። ስለዚህ እንዲለዩት አድርጊ። የድሮ ፈተናዎቹን ፒዲኤፍ አውርደሽ አስቀምጪ፤ በሚመችሽ ጊዜ ጥቂት ገጽ አሳትሚ። የቀሩትን ዳታውን ዘግተሽ፣ ሳሎን ቁጭ ብለሽ፣ ከደብተር ጋር ሥሪ። ቻናሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጊና የሌላውን ሁሉ ማሳወቂያ ዝጊ፤ ለጥናት ተከፍቶ ቪዲዮ ላይ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ከላይ ብቅ ባለች አንዲት መልእክት ነው። ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጠቃሚ በቀን 60 ደቂቃ ላይ ያስታውሳል፤ አካውንቱ ላይ ትክክለኛ ዕድሜሽን ሞልተሽ ከሆነ ማለት ነው። የይለፍ ቁጥር አስገብተሽ የምታልፊው ስለሆነ ቁጥሩን ለእናትሽ ወይም ለታላቅሽ ስጪ።

አባትሽን ሥራ ደክሟቸው ሲገቡ አታናግሪያቸው። አርብ ማታ ወይም እሁድ፣ እራት ተበልቶ ሻይ ሲቀርብ ይሻላል። በአፍ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ያዢው፤ በየትኛው ሰዓት ጥናት፣ በየትኛው ሰዓት ቲክቶክ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ለማን እንደምትሰጪ። ስልኩን መስጠቱን እሳቸው ሳይጠይቁሽ ዛሬውኑ ጀምሪና ለሁለት ሳምንት ቀጥዪ። ከዚያ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት፣ "ጣይው" ሳይባል።